አሮጌ ኮድ ውስጥ የፎልደር መገልበጫውን ስቀይር

ሐዋሳ ውስጥ አንድ ማተሚያ ቤት አለ። ማታ ማታ የቀኑን ስራ ወደ ሌላ ዲስክ የሚገለብጥለት፣ በፓይተን ፕሮግራሚንግ ቋንቋ የተጻፈ ስክሪፕት (አጭር ፕሮግራም) አለው። የሠርግ ጥሪ ካርድ በሉት፣ የፍቼ ጫምባላላ ባነር በሉት፣ የዓመታት ስራ እዚያ ውስጥ ነው። የኮምፒውተሩ ኦፐሬቲንግ ሲስተም ወደ ኡቡንቱ 24.04 ሲያድግ ስክሪፕቱ ቀጥ አለ። ባለቤቱ ደውለው "ልጄ፣ የጥር ሠርግ ደርሷል፤ ያለ መጠባበቂያ እንቅልፍ አይወስደኝም" አሉኝ። "አይዞዎት ጋሼ፣ እመጣለሁ" አልኳቸው።

ምክንያቱ ወዲያው ታየ። ኮዱ ፎልደር የሚገለብጠው ከፓይተን ጋር ይመጣ በነበረው ዲስትዩቲልስ የሚባል ላይብረሪ ውስጥ ባለው ኮፒ_ትሪ በሚባል ፋንክሽን ነው። ዲስትዩቲልስ ከፓይተን 3.10 ጀምሮ እንደሚወጣ ሲነገርለት ቆይቶ በ3.12 ጨርሶ ወጥቷል። ኡቡንቱ 24.04 ደግሞ የሚመጣው ከ3.12 ጋር ነው። ሴትአፕቱልስ የሚባለው የፓይተን ፕሮግራሞች ማሸጊያ መሣሪያ የተጫነበት ማሽን ላይ ግን ያው ኮድ ሊሰራ ይችላል፤ ሴትአፕቱልስ የራሱን የዲስትዩቲልስ ቅጂ ይዞ ስለሚመጣ። "እኔ ጋ እኮ ይሰራል" የሚል ባልደረባ ካጋጠማችሁ መጀመሪያ ይህን እዩ።

ምትኩ ሹቲል በሚባለው ሌላ የፓይተን ላይብረሪ ውስጥ ያለው ኮፒትሪ ነው። ስማቸው ስለሚመሳሰል አንዱን አውጥቶ ሌላውን መክተት ያጓጓል። እኔ ግን ኮዱን ከመንካቴ በፊት የአሮጌውን ፋንክሽን ሶርስ ኮድ ቁጭ ብዬ አነበብኩ። እንዲህ ባለ ስራ ከሁሉም በላይ የሚክሰው ይህ ንባብ ነው።

መድረሻው ፎልደር አስቀድሞ ካለ አሮጌው ምንም አይለውም፤ አዲሱ ኤረር ይሰጣል። ይህ ቀላል ነው፤ ከፓይተን 3.8 ጀምሮ "ዲርስ ኤግዚስት ኦኬ" የሚለውን አማራጭ ትሩ (አዎ) ማድረግ ይበቃል። የሚያሳስበኝ ድምፅ የማያሰማው ልዩነት ነው። አሮጌው የፋይሎችን ዝርዝር ይመልሳል፤ አዲሱ የመድረሻውን ፓዝ (የፎልደሩን አድራሻ) ብቻ። ስክሪፕቱ የዝርዝሩን ርዝመት ቆጥሮ "ይህን ያህል ፋይል ተገልብጧል" ይል ነበር። ፋንክሽኑ ብቻ ቢቀየር የፓዙን ፊደላት ይቆጥራል። ፓዙ 11 ፊደል ከሆነ በየቀኑ "11 ፋይል" ይላል፤ ማንም አይጠረጥርም።

ከሁሉም ጊዜ የወሰደብኝ የ"አፕዴት" ጉዳይ ነው። አሮጌው ይህ ሲበራ ከቅጂው ይልቅ አዲስ የሆነውን ፋይል ብቻ ይገለብጣል። አዲሱ ይህ አማራጭ የለውም። ስለዚህ የሁለቱን ፋይሎች የመጨረሻ ለውጥ ሰዓት የሚያነጻጽር አጭር ፋንክሽን ጽፌ "ኮፒ ፋንክሽን" በሚለው የኮፒትሪ አማራጭ በኩል ሰጠሁት። እዚህ ላይ አንድ ስውር ነገር አለ። ዲስትዩቲልስ በቅጂው ላይ ሰዓቱን የሚይዘው በሙሉ ሰከንድ ነው፤ ክፍልፋዩን ይጥላል። ዋናው ፋይል ግን ክፍልፋዩን እንደያዘ ነው። የለውጡን ሰዓት የሚያነበው "ጌት ኤምታይም" በሚሰጠው ቁጥር በቀጥታ ቢነጻጸር፣ ዋናው ከቅጂው በቅንጣት ሰከንድ ስለሚበልጥ፣ የዓመታቱ ስራ እንደ አዲስ ሊገለበጥ ነው። ሁለቱንም ወደ ሙሉ ቁጥር ቀይሬ አነጻጸርኩ፤ የተነካው ፋይል ብቻ ተገለበጠ።

ስህተት አያያዛቸውም ይለያያል፤ በዚህ አዲሱን ወድጄዋለሁ። አሮጌው አንድ ፋይል እምቢ ሲለው እዚያው ይቆማል። አዲሱ ያልተሳካውን መዝግቦ ይቀጥልና መጨረሻ ላይ ሁሉንም ባንዴ ያሳውቃል። ለእኛ ፊደል ይህ ትልቅ ነገር ነው። ኡቡንቱ በተለምዶ ዲስክ ላይ ፋይል የሚያስቀምጥበት ኤክስት4 የሚባለው ሥርዓት ለአንድ ፋይል ስም የሚፈቅደው 255 ባይት ነው። አንድ የግዕዝ ፊደል፣ ፊደል ወደ ባይት በሚቀየርበት በዩቲኤፍ-8፣ 3 ባይት ይወስዳል። ከ85 ፊደል ካለፈ አይገባም ማለት ነው። ዊንዶውስ ላይ ግን ከዚያ የረዘመ ስም ይሰየማል፤ የሙሽሮቹን ስም ከነአባታቸው፣ ከነቀኑና ከነአዳራሹ የሚጽፍ ዲዛይነር እዚያ ለመድረስ አይቸገርም።

የሙከራ ፎልደር አዘጋጅቼ ረጅም የአማርኛ ስም፣ ባዶ ፎልደር፣ ሊንክና የማይነበብ ፋይል ጨመርኩበት። አሮጌውን በ3.11፣ አዲሱን በ3.12 አስኬጄ ውጤቱን አስተያየሁ። ከዚያ በኋላ ነው የባለቤቱን ዲስክ የነካሁት። አሁን ጠዋት ሲገቡ ያልተገለበጡት ፋይሎች ስም ከነምክንያቱ በአማርኛ ተጽፎ ይጠብቃቸዋል፤ ስሙን የሚያሳጥረው ዲዛይነሩ ነው።