ኦክስጅኑን ማን ጠጣው?

ከእንጦጦ ጀርባ፣ ሱሉልታ ላይ ካለ የብረታ ብረት ወርክሾፕ ተደወለልኝ። ባለቤቱ "ኦክስጅን እየተሰረቅን ነው፤ ቶሎ ና" አሉኝ። እኔ ሬጉሌተር፣ ማለትም ሲሊንደር ላይ የሚገጠመውን የጋዝ ግፊት መቀነሻ፣ እጠግናለሁ እንጂ ሌባ አልይዝም። ልቀልድባቸው ፈልጌ ነበር፤ ድምፃቸው ግን ለቀልድ አይመችም።

ስደርስ ነገሩ ከሯል። ቅዳሜ ማታ የግፊት መለኪያው፣ ጌጁ፣ ላይ 140 ባር ያሳየው የኦክስጅን ሲሊንደር ሰኞ ጠዋት ግማሽ ሆኖ ተገኘ። የግቢው ቁልፍ ያለው ደግሞ ዘበኛው ጋ ነው። ሽማግሌው ጋቢያቸውን እየሰበሰቡ፣ "ምን አድርጌ ልውሰደው ጋሼ? አየር በጆንያ ይያዛል?" ይላሉ። ሰሚ ግን የላቸውም፤ ከደሞዛቸውም ተቆርጧል።

መጀመሪያ የብርዱን ድርሻ አሰብኩ። የሱሉልታ የኅዳር ሌሊት ቀላል አይደለም። ጋዝ ሲቀዘቅዝ ግፊቱ ይቀንሳል፤ ከሰዓት 22 ዲግሪ የነበረ ሲሊንደር ሌሊት 5 ዲግሪ ቢደርስ፣ አንድም ሳያፈስ 140ው ወደ 132 ይወርዳል። ስለዚህ 8 ባር ቢጎድል ብርዱ ነው እል ነበር። ግማሹን ግን ብርድ አይበላም።

"በሳሙና ውሃ ፈትሸነዋል፣ ምንም የለውም" አሉኝ ሠራተኞቹ። አልዋሹም። የፈተሹት ግን የሲሊንደሩን ቫልቭ ዘግተው ነው።

ረዳቱን ልጅ ጠራሁት። "ማታ ስትጨርስ የቱን ነው የምትዘጋው?"

"ቶርቹን፣ መበየጃውን።"

"የሲሊንደሩንስ?"

"ጠዋት መልሰን ልንከፍተው አይደል እንዴ?"

ቫልቩን ከፈትኩና በንጹሕ ብሩሽ የሳሙና ውሃ ቀባሁት። ሬጉሌተሩ የተገጠመበት ቦታ ደህና ነው። ከመዘውሩ ሥር፣ የቫልቩ ዘንግ ከዳዶው በሚወጣበት ላይ ግን የጤፍ ፍሬ የሚያካክሉ አረፋዎች ብቅ ብቅ ማለት ጀመሩ። ቫልቩን ዘግቼ ሬጉሌተሩ ውስጥ የቀረውን ጋዝ ሳስወጣ ቆሙ። ስከፍተው ተመለሱ። ልጁ ራሱ ደጋግሞ ሞከረው፤ ማመን አቃተው።

ምክንያቱ ይኸው ነው። ቫልቩ ሲዘጋ ጋዙ ከታች ይታገዳል፣ ዘንጉ ዙሪያ ያለው ማሸጊያ ጋ አይደርስም። ሲከፈት ይደርሳል፣ ማሸጊያው ካለቀም ያመልጣል። ቫልቩ ተዘግቶ ሬጉሌተሩ ሲፈታ ከአፉ አረፋ ቢወጣ ኖሮ መዝጊያው ራሱ ተበልቷል ማለት ነበር። ሬጉሌተሩ እንደተገጠመ፣ ቶርቹም ቫልቩም ተዘግተው የሲሊንደሩ ጌጅ ቢወርድ ደግሞ ጥፋቱን የምፈልገው ከዚሁ ማሸጊያ ሌላ መጋጠሚያው፣ ሬጉሌተሩ ወይም ከእሱ ወዲያ ያለው ቱቦና ቶርች ላይ ነው።

ይህን እያስረዳሁ አንዱ በያጅ ግራሶ ይዞ መጣ። የአየር ጠመንጃ ታንክ ሲጠገን ኦሪንጉን፣ የጎማ ቀለበቱን፣ ቅባት ሲቀቡት በቪዲዮ አይቷል። ጮህኩበት። እዚያ ያለው ተራ አየር ነው፣ ቅባቱም የሲሊኮን ነው። በከፍተኛ ግፊት ያለ ኦክስጅን ዘይት ወይም ግራሶ ካገኘ ግን ያለ ክብሪት ይነድዳል። ጥርስ ላይ የሚጠመጠመው ነጭ ማሸጊያ፣ ቴፍሎንም ቢሆን እዚህ አይረባም፤ የሬጉሌተሩን መጋጠሚያ የሚያሽገው ጥርሱ አይደለም፣ ቁራጩ ወደ ውስጥ ገብቶ ሌላ ጣጣ ያመጣል።

ቫልቩን አልፈታሁትም። ሲሊንደሩ የአቅራቢው ነው፣ ጥገናውም የእሱ። ዘግተን፣ የሚያፈስበትን በጠመኔ ምልክት አድርገን ወደ አቅራቢው መጋዘን ወሰድነው። የመጋዘኑ ሰውዬ እንደተዘጋ ሳሙና ቀብቶ "ምን ሆነ? ደህና ነው እኮ" አለን። "ሬጉሌተር ግጠምና ክፈተው እስቲ" አልኩት። ከፈተው፣ አየው፣ ሌላ ቀየረልን።

ባለቤቱ ስንመለስ ዘበኛውን "እንግዲህ ተሳስተን ነበር" ብለው ሊያልፉ ሞከሩ። ሽማግሌው ግን "በሉ የቆረጣችሁብኝን መልሱልኝ" አሉ። እዚያው ቆጥረው ሰጧቸው።