ሃርድ ዲስክ ሳትከፋፍሉ ሊኑክስን በፍላሽ መሞከር

ሊኑክስን (እንደ ዊንዶውስ ያለ ሌላ ኦፐሬቲንግ ሲስተም ነው) አይቶ ለመወሰን ፓርቲሽን፣ ማለትም የሃርድ ዲስኩን ክፍፍል፣ መንካት አያስፈልግም፤ ፍላሽ ይበቃል። ከሊኑክስ ዓይነቶች ለጀማሪ የምመክረው ሊኑክስ ሚንትን ነው። ራማችሁ 4 ጊጋባይት ወይም ከዚያ በታች ከሆነ ኤክስኤፍሲኢ የሚለውን ቀለል ያለ የሚንት ዓይነት አውርዱ። ፋይሉ ወደ 3 ጊጋባይት ስለሚጠጋ 8 ጊጋባይት ፍላሽ ይይዘዋል። ኔት እየተቆራረጠ የወረደ ፋይል ግን አትመኑ። የሻ256 ቁጥሩን (ፋይሉ ሳይበላሽ መውረዱን የሚያሳይ የፊደልና የቁጥር ድርድር ነው) ድረ ገጹ ላይ ካለው ጋር አመሳክሩ፤ አንዲት ፊደል ከተለየች እንደገና ማውረድ ነው። አለዚያ መሃል ላይ ቀጥ ይልና ጥፋቱ የኮምፒውተሩ ይመስላችኋል።

ፋይሉን ፍላሹ ላይ ኮፒ ማድረግ ብቻውን አያስነሳም። ዊንዶውስ ላይ ሩፈስ የሚባለውን ማስነሻ ፍላሽ የሚያዘጋጅ ፕሮግራም ክፈቱ፣ ፍላሹንና ፋይሉን ምረጡ፣ ስታርት በሉ። ፍላሹ ላይ የነበረው ሁሉ ይጠፋል፤ የሚያስፈልጋችሁን ቀድማችሁ ገልብጡ።

ከዚያ ፍላሹን ሰክታችሁ ኮምፒውተሩን ስታበሩ የቡት ሜኑውን (ከየት እንደሚነሳ የሚመረጥበትን ዝርዝር) ቁልፍ ደጋግማችሁ ተጫኑና ፍላሹን ምረጡ፦ ዴልና ሌኖቮ ላይ ብዙውን ጊዜ ኤፍ12፣ ኤችፒ ላይ ኤፍ9 ነው። ሴኪዩር ቡትን (ኮምፒውተሩ ያልታወቀ ሲስተም እንዳያስነሳ የሚከለክለውን ሴቲንግ) ለማጥፋት አትቸኩሉ፤ ሚንት በአብዛኛው ሳይጠፋም ይነሳል። ቢትሎከር፣ ማለትም የዊንዶውስ የዲስክ መቆለፊያ፣ በርቶ ከሆነ ደግሞ ይህን ሴቲንግ መቀየር ዊንዶውስን ባለ 48 አሃዝ የመክፈቻ ቁልፍ ሊያስጠይቀው ይችላል። ቁልፉ የት እንዳለ ሳታውቁ አትነካኩት።

አሁን ሊኑክሱ የሚሠራው ከፍላሹና ከራም ነው፤ ስታጠፉት የሠራችሁት ሁሉ ይጠፋል። ዴስክቶፑ ላይ ያለውን «ኢንስቶል» የሚል አይከን አትክፈቱ። ፕሮግራም ለመክፈት ቢዘገይ በሊኑክስ አትፍረዱ፣ ፍላሹ ነው።

ዋናው ሥራ መፈተሽ ነው፦ ድምፅ፣ ካሜራ፣ ዋይፋይ፣ በተለይ ደግሞ ክዳኑን ዘግታችሁ ስትከፍቱ መንቃቱን። የብሮድኮም ካርድ ያለው ላፕቶፕ አንድም ዋይፋይ ላያሳይ ይችላል፤ ድራይቨሩ፣ ማለትም ካርዱን የሚያሠራው ሶፍትዌር፣ ስለጎደለው ነው። ስልካችሁን በኬብል ሰክታችሁ ዩኤስቢ ቴዘሪንግ (የስልኩን ኔት በኬብል ማጋራት) አብሩና ከድራይቨር ማናጀር ጫኑለት።

የዊንዶውሱ ዲስክ «ሪድ ኦንሊ» ነኝ ካለ በጉልበት አትክፈቱት። ፋስት ስታርታፕ የሚባለው የዊንዶውስ ፈጣን ማስነሻ ስላለ ዊንዶውስ ሙሉ በሙሉ አልተዘጋም ማለት ነው። ወደ ዊንዶውስ ተመልሳችሁ ሺፍትን ይዛችሁ ሻት ዳውን አድርጉት።

ወደ ዊንዶውስ ስትመለሱ ሰዓቱ 3 ሰዓት ወደ ኋላ ቀርቶ ብታገኙት አትደንግጡ። ሊኑክስ የማዘርቦርዱን ሰዓት በዩቲሲ (በዓለም አቀፉ መነሻ ሰዓት) ይይዘዋል፣ ዊንዶውስ ደግሞ እንደ አገር ቤት ሰዓት ያነበዋል፤ እኛ ዘንድ ልዩነቱ 3 ሰዓት ነው። የቀንና ሰዓት ሴቲንግ ውስጥ ገብታችሁ «ሲንክ ናው» በሉት፣ ይስተካከላል።