ዚፕ ኮድ ላይ አልተጋጨሁም

ኖርዘርን ቨርጂኒያ ውስጥ ኢንሹራንሱም፣ ታክሱም፣ የኢሚግሬሽን ወረቀቱም በአንድ ጣሪያ ሥር ከሚሠራባቸው የእኛ ሰው ቢሮዎች በአንዱ፣ ሰኞ ጠዋት። ኡበር የሚሠሩ አንድ ጋሼ ገብተው ክሌም (የካሳ ጥያቄ) የምትይዘው ልጅ ፊት ተቀመጡ። ቅዳሜ ሌሊት ከኋላ ተገጭተዋል። እሳቸው ደህና ናቸው፣ መኪናው ግን ባምፐሩ ገብቶ ጎማውን ስለያዘው ተጎትቶ ሄዷል። የገጪው ኢንሹራንስ የፖሊስ ሪፖርት ቁጥር ይፈልጋል። ፖሊሱ የሰጣቸው ወረቀት መኪናው ውስጥ ቀርቷል፤ በእጃቸው ያለው ስልካቸው ላይ ያነሱት ፎቶ ነው። ፎቶው ላይ ደግሞ የመሥሪያ ቤቱ ስም ያለበትን አናት አውራ ጣታቸው ሸፍኖታል። የሚነበበው አንድ ቁጥርና የፖሊሱ የአባት ስም ብቻ።

ልጅቷ ፈጣን ናት፤ ጥያቄዎቿን በቅደም ተከተል ነው የምትጠይቀው።

«ጋሼ፣ የት ነው የተጋጩት?»

«አሌክሳንድሪያ።»

«ሲቲው ውስጥ ነው ካውንቲው ውስጥ?»

«አሌክሳንድሪያ ነዋ ልጄ። ስልኩም እንዲያ ይላል። ናይን ዋን ዋን ስደውል ያነሳችውም ሴት አሌክሳንድሪያ ነው ያለችኝ።»

«ዚፕ ኮዱስ?»

«ዚፕ ኮድ ላይ አልተጋጨሁም፤ መንገድ ላይ ነው።»

አልሳቀችም። ጋሼም እየቀለዱ አልነበረም። ቀጠሉና «ፖሊሱ እኮ ክንፉ ሰፊ ባርኔጣ ያደረገ ነው፣ መኪናውም...» ሲሉ «እሱ ይቆየን ጋሼ፣ መጀመሪያ ቦታውን እንያዝ» አለቻቸው። ዝም አሉ። መልሱ ያን ጊዜ ጠረጴዛው ላይ ቀርቦ ነበር፤ ግን የሚሞላው ፎርም ላይ የባርኔጣ ቦታ የለም።

ካርታ ስትከፍት ከ395 አውራ ጎዳና ወደ ኤድሳል ሮድ የሚወርደው መውጫ፣ ቁጥር 2፣ አጠገብ ነው። ዚፑ 22312፣ አድራሻው አሌክሳንድሪያ። እዚህ ላይ ነው አዲስ ሰው ሁሉ የሚወድቀው። ዚፕ ኮድ የፖስታ ቤት ነገር ነው፤ ደብዳቤ የሚያድለው ሰው ከየት እንደሚነሳ እንጂ ማን እንደሚያስተዳድርህ አይነግርህም። አሌክሳንድሪያ እየተባለ ደብዳቤ ከሚሄድለት ሰፈር ብዙው የፌርፋክስ ካውንቲ ነው፤ ካውንቲ እንደ አውራጃ ያለ አስተዳደር ነው። ፎልስ ቸርችም እንደዚያው፦ ከተማዋ ጠባብ ናት፣ ስሟን በአድራሻው የሚጽፈው ሰው ግን እስከ ሰቨን ኮርነርስና ቤይሊስ ክሮስሮድስ ይደርሳል። ቨርጂኒያ ውስጥ ደግሞ ሲቲ የካውንቲ አካል አይደለም። 95 ካውንቲ አለ፣ ከእነሱ ውጭ ለብቻቸው የቆሙ 38 ሲቲዎች አሉ። የአሌክሳንድሪያ ሲቲ ፖሊስና የፌርፋክስ ካውንቲ ፖሊስ ጎረቤት እንጂ አለቃና ምንዝር አይደሉም፤ የአንዱ መዝገብ ሌላው ጋ አይታይም።

ልጅቷ ይህን ታውቃለች። ግን ጋሼ ያሏትን ይዛ መጀመሪያ ሲቲው ጋ ደወለች። የመዝገብ ክፍሏ ሴትዮ ፈልጋ «ጥሪው መጥቶልናል፣ ለሌላ ተላልፏል፣ ሪፖርት ግን የለንም» አለቻት። ለማን እንደተላለፈ ሳትጠይቅ ዘጋች። ለካውንቲው ነዋ! ካርታው ፌርፋክስ ነው የሚለው። ካውንቲው ጋ ሠላሳ ደቂቃ ሙዚቃ ከሰማች በኋላ፣ በዚያ ስምና በዚያ ቁጥር ምንም የለም።

ጋሼ በዚህ መሃል ምክር ጀመሩ። «ልጄ፣ ለምን የበላያቸውን አታናግሪም? ወረዳው ካጣው ክፍለ ከተማው፣ እሱ ካጣው ኮሚሽኑ ጋ አይኖርም?»

አነጋገራቸው ከአገር ቤት ልማድ የመጣ ነው፣ ግን የልጅቷም ስሕተት ከዚህ ብዙ አይርቅም። እሷም «የበላይ» ስትፈልግ ሸሪፍ ጋ ደወለች። ፊልም ያየ ሁሉ ሸሪፍ ትልቁ ይመስለዋል። ፌርፋክስ ላይ ሸሪፉ በሕዝብ የሚመረጥ ነው፣ ሥራው ግን እስር ቤቱን ማስተዳደር፣ ፍርድ ቤቱን መጠበቅና እንደ ቤት ማስለቀቂያ ያሉ የፍትሐ ብሔር ወረቀቶችን ማድረስ ነው። መንገድ ላይ ግጭት ለካውንቲው ፖሊስ የተተወ ነው። ስልኩ ስፒከር ላይ ነበር፤ ያነሳው ሰውዬ «የምትፈልጉት ሰው እስረኛ ነው?» ሲል ጋሼ ከወንበራቸው ተነሡ። «እኔ ነኝ እንዴ የታሰርኩት? ከኋላ የተገጨሁት እኔ!»

አጠገባችን ያለው ሎውደን ካውንቲ ቢሆን ደግሞ ልጅቷ ልክ ነበረች። ሎውደን የራሱ የካውንቲ ፖሊስ የለውም፤ ግጭቱንም፣ ሌባውንም፣ እስር ቤቱንም የሚይዘው ሸሪፉ ነው። የቨርጂኒያ አብዛኛው ካውንቲ እንደዚያ ነው፤ እንደ ፌርፋክስ፣ አርሊንግተንና ፕሪንስ ዊሊያም ያሉት ጥቂቶች ናቸው ለብቻ የካውንቲ ፖሊስ ያቋቋሙት። ሊስበርግ ግን ሎውደን ውስጥ ሆና የራሷ ፖሊስ አላት፤ ፌርፋክስ ውስጥ ቪየናና ሄርንደንም እንዲሁ። እነዚህ ታውን ናቸው፤ ታውን እንደ ሲቲ ከካውንቲው አይወጣም።

ከሦስተኛው ስልክ በኋላ ልጅቷ ለአየር ወጣች። ጋሼ ብቻቸውን ሲቀሩ ከጠረጴዛዋ ላይ ሰማያዊ እስክሪብቶና እርሳስ አነሱ፣ የተበላሸ ፎርም ገለበጡና መኪና መሳል ጀመሩ። ሥዕላቸው የልጅ ነው፤ ጎማዎቹ እንቁላል ይመስላሉ። ግን ቀለሙን በትዕግሥት ሞሉት፣ ግማሹን በእስክሪብቶ፣ ግማሹን በእርሳስ። ታክስ የምትሠራው እትዬ ቡናዋን ይዛ በዚያ ስታልፍ በትከሻቸው በኩል አየችና ሳትቆም «ስቴት ነው» ብላ ሄደች።

ሰማያዊና ግራጫ፣ ሰፊ ባርኔጣ፦ የቨርጂኒያ ስቴት ፖሊስ። 395 ኢንተርስቴት፣ የፌዴራል ቁጥር ያለው አውራ ጎዳና፣ ነው፤ ሲቲ ውስጥ ቢያልፍ፣ ካውንቲ ውስጥ ቢያልፍ፣ አብዛኛውን ጊዜ ግጭቱን የሚይዙት ትሩፐሮቹ፣ የስቴቱ ፖሊሶች፣ ናቸው። ናይን ዋን ዋን ያነሳችው የአሌክሳንድሪያ የሆነችበትም ምክንያት ቀላል ነው፦ የእጅ ስልክ ጥሪ ምልክቱን ወደተቀበለው ማማ ማዕከል ሊገባ ይችላል፣ ወሰን ላይ ሲሆን ጎረቤት ያነሳውና ለባለቤቱ ያስተላልፈዋል። የመዝገብ ክፍሏ ሴትዮ «ተላልፏል» ያለችው ይህንኑ ነበር።

ልጅቷ ተመልሳ ለስቴት ፖሊሱ የፌርፋክስ ዲቪዥን፣ ለሰባተኛው፣ ደወለች። ስምና ቁጥር ሰጠች፤ ከአምስት ደቂቃ ባነሰ ተገኘ። የቀረው የተለመደው ነው፦ ፖሊሱ ምርመራውን በጨረሰ በ24 ሰዓት ውስጥ ኤፍ አር 300 የሚባለውን ሪፖርት ለዲኤምቪ (ለመንጃ ፈቃድና ለመኪና ምዝገባው መሥሪያ ቤት) ይልካል፣ የተጋጨው ሰው ቅጂውን ከዚያ ይጠይቃል። ጋሼ ሁለተኛ ግራ የተጋቡት የገጪው ቲኬት (የቅጣት ወረቀት) ላይ ነው። ስቴት ፖሊስ ከጻፈው ችሎቱ የስቴቱ ዋና ከተማ ሪችመንድ መስሏቸው፣ በአንድ ቀን ደርሶ መልስ ቢነዱ ምን ያህል ሥራ እንደሚያልፋቸው ማስላት ጀምረው ነበር። አይደለም። ፍርድ ቤቱን የሚወስነው ቦታው ነው፤ ኤድሳል ላይ ከሆነ የፌርፋክስ ካውንቲ ጀነራል ዲስትሪክት ኮርት። (ያ ፍርድ ቤት የቆመው ፌርፋክስ ሲቲ መሃል ነው፣ ግቢው ግን የካውንቲው ነው። ይህንን ለጋሼ ማንም አልነገራቸውም፤ ለአንድ ቀን ይበቃቸዋል።)

ፍርድ ቤቱን ቦታው ይወስናል የሚለው ለሲቲውም፣ ለካውንቲውም፣ ለስቴቱም ፖሊስ ይሠራል፤ የማይሠራው ፌዴራል መሬት ላይ ነው። በጆርጅ ዋሽንግተን ፓርክዌይ ሲነዳ የተያዘ ሰው ዙሪያው አርሊንግተን ቢሆንም የሚያቆመው ዩ ኤስ ፓርክ ፖሊስ ነው፣ ቲኬቱም አሌክሳንድሪያ ወዳለው ፌዴራል ፍርድ ቤት ይሄዳል። ያንን ቲኬት ይዞ ካውንቲ መስኮት ላይ የሚሰለፍ ሰው በየወሩ አይጠፋም። ሬገን ኤርፖርት ላይ ታክሲ የሚሠሩት የኤርፖርቱን ባለሥልጣን ፖሊስ ከማንም በላይ ያውቁታል፤ እሱም አርሊንግተን ውስጥ ሆኖ የአርሊንግተን አይደለም። የባቡሩ፣ የሜትሮው፣ ፖሊስ ደግሞ ሦስቱም ጋ፣ ዲሲም ሜሪላንድም ቨርጂኒያም፣ ሥልጣን አለው።

በማግስቱ ጠረጴዛዋ በላይ ግድግዳው ላይ አንድ ገጽ ተለጠፈ። ለአዲስ ሠራተኛ ሁሉ ልጅቷ ያወጣችው ዝርዝር እየተባለ ይነገራል፤ ይሁን። መጀመሪያ የፖሊሱ መኪና ቀለምና ጎኑ ላይ የተጻፈው። ቀጥሎ የመንገዱ ዓይነት፣ የመውጫ ወይም የማይል ቁጥር፣ ወደየት አቅጣጫ እንደሚነዳ። ወረቀቱ ሲነሣ ከአናቱ እስከ ግርጌው ይታይ፣ ጣት አይግባ። ጥሪው ተላልፎ ከሆነ ለማን እንደሆነ ጠይቆ መጻፍ። ዚፕ ኮድ መጨረሻ ላይ፣ ያውም በቅንፍ። የጋሼ ሥዕል ከጎኑ በፕላስተር ተይዟል።

ሁለት ሳምንት ሳይሞላ አንዲት ነርስ ማታ ከሥራ ስትመለስ ተገጭታ መጣች። ልጅቷ ቀና ብላ ዝርዝሩን አየችና ከአንድ ጀመረች።

«የፖሊሱ መኪና ቀለሙ ምን ነበር?»

«ጥቁር። መብራቱ ከውስጥ ነው፣ ምንም አልተጻፈበትም።»

ልጅቷ ግድግዳውን ትንሽ አየችው። የእንቁላል ጎማዎቹንም አየች።

«እሺ» አለች፣ «ዚፕ ኮዱን ታውቂዋለሽ?»