ተራርቀው የተቀመጡት ሁለት ዲስኮች

ስልኩ ሲጮህ ላቦራቶሪ ውስጥ ባክቴሪያ የበቀለበትን ፕሌት (ሳህን) እያነበብኩ ነበር። ደዋዩ የቀዶ ሕክምና ሐኪም ነው። «ወንድሜ፣ ያቺ ልጅ ተመልሳ መጥታለች። ክሊንዳማይሲን ይሠራል ብላችሁን ነበር እኮ። መጀመሪያ ሻል ብሏት ነበር፣ አሁን ግን ብሶባታል።»

ልጅቷን አስታወስኳት። ጭኗ ላይ ብጉንጅ ወጥቶባት፣ መግሉ ለካልቸር፣ ማለትም ባክቴሪያው በቅሎ እንዲመረመር፣ ወደ እኛ ተልኮ ነበር። ፔኒሲሊን አይስማማትም።

መዝገቡን ገለጥኩ። ፊርማው የኔ ነው። ባክቴሪያው ስታፊሎኮከስ ኦሪየስ፤ ኤሪትሮማይሲን አይሠራም፤ ክሊንዳማይሲን 24 ሚሊ ሜትር፣ ይሠራል። ቁጥሩ መድኃኒቱን በያዘው ዲስክ ዙሪያ ባክቴሪያ ያልበቀለበት ክብ ስፋት ነው፤ ከ21 ጀምሮ ይሠራል ስለሚባል ንባቤ ልክ ነው። ታዲያ ምኑ ጋ ነው የተሳሳትኩት?

ለኃላፊያችን ነገርኳቸው። ጋሼ ነው የምንላቸው። አንድ ጥያቄ ብቻ ጠየቁኝ። «ኤሪትሮማይሲኑን የት አስቀመጥከው?»

«ከክሊንዳማይሲኑ ማዶ።»

«በል የድሮውን ባክቴሪያ ከፍሪጅ አውጣው። ሁለቱን ዲስክ አጎራብተህ ድገመው። ከአሁኑ ቁስሏ የመጣውን አዲሱንም አብረህ ሥራ።»

በማስመሪያ ለክቼ በዲስኮቹ ጠርዝ መካከል 20 ሚሊ ሜትር ተውኩ። የዚያን ለት ማታ እንቅልፍ የሚባል በዓይኔ አልዞረም። ጠዋት የድሮውን ፕሌት ወደ ብርሃን ከፍ አደረግኩት። በክሊንዳማይሲን ዙሪያ ያለው ጥርት ያለ ቦታ ክብ መሆን ነበረበት። በኤሪትሮማይሲን በኩል ያለው ጎኑ ግን በቢላ እንደተቆረጠ ዳቦ ቀጥ ብሏል። የላቲኑን ዲ ፊደል ቁጭ! አዲሱ ደግሞ እስከ ዲስኩ ጠርዝ ድረስ በቅሏል። መጀመሪያውኑ አጎራብቼ ቢሆን ኖሮ በዚያው ቀን አየው ነበር። ላቤ ጠብ አለ።

ጋሼ ወንበር ስበው አስረዱኝ። ከዚህ ጠባይ ጀርባ ካሉት ጂኖች በደንብ የተጠናው ኤርም ሲ ነው። ብዙ ጊዜ በትንሽ ፕላዝሚድ (ከዋናው ዲኤንኤ በተለየ ክብ ዲኤንኤ) ላይ ስለሚቀመጥ ከባክቴሪያ ወደ ባክቴሪያ ይተላለፋል። የሚያሠራው ኤንዛይም 244 አሚኖ አሲድ አለው። ሁለቱ መድኃኒቶች ራይቦዞም (የባክቴሪያው ፕሮቲን መሥሪያ) ላይ የሚይዙትን ቦታ ስለሚለውጠው መያዝ ያቅታቸዋል። ከኤንዛይሙ በፊት ግን 19 አሚኖ አሲድ ብቻ ያላት ሚጢጢ ፔፕታይድ (አጭር ፕሮቲን) ትሠራለች። እኔን የገረመኝ የእሷ ነገር ነው። መድኃኒት ከሌለ የጂኑ ቅጂ የሆነው አርኤንኤ ተጣጥፎ የኤንዛይሙን መጀመሪያ ይደብቀዋል። ኤሪትሮማይሲን ሲገባ ግን ራይቦዞሙ ሚጢጢዋን እየሠራ ሳለ ዘጠነኛው አሚኖ አሲድ ላይ ቀጥ ብሎ ይቆማል። ያኔ እጥፋቱ ይፈታል፤ ኤንዛይሙ መሠራት ይጀምራል። ክሊንዳማይሲን ይህን እጥፋት አይፈታም። ለዚህ ነው ብቻውን ሲቀመጥ የሚሠራ የሚመስለው፤ ኤሪትሮማይሲን ሲጎራበተው ግን በዚያ በኩል ባክቴሪያው ይበቅላል። ከብዙዎቹ ባክቴሪያዎች መካከል ግን ይህ መደበቂያ የተበላሸባቸው፣ ኤንዛይሙን ሁልጊዜ የሚሠሩ ጥቂቶች ይወጣሉ። መድኃኒቱ ሌሎቹን ሲፈጅ እነሱ ሜዳው ባዶ ሆኖ ይጠብቃቸዋል። ልጅቷ መጀመሪያ ተሽሏት ኋላ የባሰባት በዚህ ይመስለኛል።

ለሐኪሙ ራሴ ደወልኩለት። «ዶክተር፣ የመጀመሪያው ውጤት የኔ ስህተት ነበር» ብዬ የተስተካከለውን ላክሁ። አልተቆጣም። «ኮትሪሞክሳዞልስ?» አለኝ። በሁለቱም ፕሌት ላይ ይሠራል። በዚያው ቀን ቀየረላት።

ከሁለት ሳምንት በኋላ ኮሪደር ላይ አየኋት። ቁስሏን ልታስጠርግ ከእናቷ ጋር መጥታለች። አታነክስም ነበር።