ያልወጡት ደረሰኞች፦ ኮዴ የዋጠውን ስህተት ያገኘሁበት መንገድ

በደብረ ብርሃን ለሚገኝ አንድ የገበሬዎች የኅብረት ሥራ ማኅበር፣ የቢራ ገብስ ላስረከቡ አባላት የክፍያ ደረሰኝ የሚያዘጋጅ አነስተኛ ፕሮግራም በፓይተን ጽፌ ነበር። ገንዘብ ያዡ የዕለቱን ርክክብ ይመዘግባሉ፤ ማታ ፕሮግራሙ ለእያንዳንዱ አባል አንድ የፒዲኤፍ ፋይል ያወጣል፤ ጠዋት ይታተማል። በ2016 ዓ.ም. ጥር ወር፣ ሥራ ላይ በዋለ በሁለተኛው ዓመት፣ ከ212 አባላት መካከል የ171ዱ ደረሰኝ ብቻ ታትሞ አገኘን። ፕሮግራሙ ግን ማታውን «ተጠናቋል» የሚል መልእክት ጽፎ በሰላም ተዘግቶ ነበር።

ጠዋት ውርጩ ገና ሳይለቅ ከጫጫ በኩል የመጡ አንዲት እናት ጋቢያቸውን እንደተከናነቡ መስኮቱ ላይ ቆመው፣ «ልጄ፣ የወንድሜ ወጥቷል፣ የእኔ ነው የጠፋው፤ ገብሱን እኮ በአንድ ጋሪ ነው ጭነን ያመጣነው» አሉኝ። ገንዘብ ያዡ ደግሞ ከኋላዬ ሆነው፣ «ዛሬ የሚጮኹት ሴቶቹ ናቸው» ብለው አጉረመረሙ። እኔ ይህን እንደ ምሬት እንጂ እንደ ማስረጃ አልቆጠርኩትም። ያን ጊዜ ልብ ብዬ ቢሆን ኖሮ የአንድ ሙሉ ቀን ድካም በቀረልኝ ነበር።

በመጀመሪያ ያደረግሁት ፎልደሩን መቁጠር ነው። 28 ፋይሎች ጨርሶ የሉም፤ 13ቱ ደግሞ ስማቸው አለ፣ መጠናቸው ግን ዜሮ ባይት ነው። የማይከፈት የፒዲኤፍ ፋይል ሲያጋጥም በተራ የጽሑፍ ማረሚያ ከፍቶ ማየት ጥሩ ልማድ ነው፤ ጤነኛ ፋይል በፐርሰንት ምልክትና ፒዲኤፍ በሚሉት ሦስት የላቲን ፊደላት ይጀምራል፣ መጨረሻው ላይም የፋይሉን ማብቃት የሚያመለክት ቃል ይገኛል። አንዳንዴ ስሙ ፒዲኤፍ የሆነ ፋይል ውስጡ ሲታይ ከሰርቨር የተላከ የስህተት ገጽ ሆኖ ይገኛል። የእኔዎቹ ግን ባዶ ስለነበሩ የሚናገሩት ነገር አልነበራቸውም። የሌሉትንና ባዶ የሆኑትን እንደ አንድ በሽታ መቁጠሬ ግን ስህተት ነበር፤ ሁለት የተለያዩ ምልክቶች ሁለት የተለያዩ ምክንያቶች ሊኖሯቸው እንደሚችል መጠርጠር ነበረብኝ።

ቀጥዬ ኮዱን ከፈትሁ፤ ያሳፈረኝን መስመርም ወዲያው አገኘሁት። ደረሰኙን የሚሠራው ክፍል በሙሉ በትራይ («ሞክር» በሚለው ትእዛዝ) ተከቧል፤ ከሥሩ ማንኛውንም ኤክሴፕሽን፣ ማለትም በሥራ መሀል የሚነሳ ስህተት፣ የሚቀበል ኤክሴፕት አለ፤ በውስጡም ፓስ («ዝም ብለህ እለፍ») ከሚለው በቀር አንድም ቃል የለም። የጻፍሁት እኔው ነኝ። በመጀመሪያው ዓመት የአንድ አባል ክብደት ሳይሞላ በመቅረቱ ፕሮግራሙ መሀል ላይ ቆሞ፣ ሰው በብርድ ተሰልፎ ሲጠብቅ በጥድፊያ ያስገባሁት ነበር። የአንድ ሰው ስህተት የሌላውን ደረሰኝ እንዳያስቀር መፈለጌ ትክክል ነበር፤ ስህተቱን ግን ማለፍ ብቻ ሳይሆን ማንም እንዳያውቀው አድርጌ ቀብሬዋለሁ።

መስመሩን አጥፍቼ ፕሮግራሙን እንደገና አስኬድሁት። ስህተቱ አሁን ፊት ለፊት ይወጣል ብዬ ስጠብቅ፣ «ተጠናቋል» አለኝ፤ 28ቱም እንደጠፉ፣ 13ቱም ባዶ እንደሆኑ ናቸው። የማስተካክለው ፋይልና የሚሠራው ፋይል የተለያዩ መስለውኝ ሁለት ጊዜ አረጋገጥሁ። ከዚያ መብራት ጠፍቶ ሥራው እስከ ምሽቱ 1 ሰዓት ተቋረጠ፤ በጨለማ ተቀምጬ ሳስበው ነው ነገሩ የተገለጠልኝ።

ሥራው እንዲፈጥን ብዬ ኋላ ላይ ደረሰኞቹን ለአራት ትሬዶች፣ ማለትም ጎን ለጎን ለሚሄዱ የሥራ መስመሮች፣ አከፋፍዬ ነበር። ትሬዶቹን የሚያሠራው የፓይተን ትሬድ ፑል ኤክሰኪዩተር ሥራ ሲሰጠው ፊውቸር የሚባል ነገር ይመልሳል፤ በትሬዱ ውስጥ ኤክሴፕሽን ቢነሳ ፕሮግራሙን አያቆምም፣ ስክሪን ላይም አያሳይም፣ እዚያው ፊውቸር ውስጥ ተቀምጦ ውጤቱ እስኪጠየቅ ይጠብቃል። ውጤቱ ሪዛልት በሚለው ትእዛዝ ሲጠየቅ ያን ጊዜ ስህተቱ እንደገና ይነሳል። እኔ 212 ፊውቸሮች ተቀብዬ አንዱንም አልጠየቅሁም። ከፓስ በስተጀርባ ሌላ ዝምታ ተደርቦ ነበር ማለት ነው፤ የላይኛውን ሳነሳ የታችኛው ቀረ።

መብራቱ ሲመጣ ትሬዶቹን ለጊዜው ትቼ ደረሰኞቹን አንድ በአንድ፣ በተራ ዑደት አስኬድኋቸው። ገና በሰባተኛው አባል ላይ ፋይሉ ወይም ፎልደሩ አልተገኘም የሚል ትሬስባክ፣ ማለትም ስህተቱ የት እንደተነሳ የሚያሳይ መልእክት፣ ወጣ። መልእክቱ የያዘውን የፋይል አድራሻ ሳነብ የፋይሉ ስም በ«ወ/ሮ» ይጀምራል። ደረሰኞቹን በአባሉ ሙሉ ስም ነበር የማስቀምጣቸው፤ ኮምፒውተሩ እዝባሩን የፎልደር መለያ አድርጎ ያነበዋል፤ ስለዚህ «ወ» የሚባል ፎልደር ውስጥ በ«ሮ» የሚጀምር ፋይል እንዲከፍት ታዟል፣ እንዲህ ያለ ፎልደር ግን የለም። ከ28ቱ 22ቱ ወይዛዝርት ነበሩ። የቀሩት ስድስቱ ወንዶች ስማቸው «ገ/ማርያም»፣ «ኃ/ሚካኤል»፣ «ወ/ጊዮርጊስ» እየተባለ ባጭሩ የተጻፈ ነው። የእትዬዋ አቤቱታና የገንዘብ ያዡ ማጉረምረም ትክክለኛው የስህተት ሪፖርት ነበር። አምና ስህተቱ ያልታየው ማዕረግ በዝርዝሩ ውስጥ ስላልነበረና አጭር ስም ያላቸው ጥቂቶች ደረሰኛቸውን በእጅ ስላስጻፉ ነው፤ እኔ ስሞክር የተጠቀምሁት ስም ደግሞ ከ«አበበ በሶ በላ» የዘለለ አልነበረም።

አንድ የሥራ ባልደረባዬ የጎደለው ፎልደር በራሱ እንዲፈጠር አድርግ አለኝ። ቢደረግ ስህተቱ ይጠፋ ነበር፤ ወይዛዝርቱ ግን ሁሉም «ወ» በሚባል ማንም በማይከፍተው ፎልደር ውስጥ ተከማችተው በቀሩ ነበር።

ባዶዎቹ 13 ፋይሎች ሌላ ታሪክ አላቸው። ኤፍፒዲኤፍ2 የተባለውን ፒዲኤፍ የሚሠራ ላይብረሪ (ዝግጁ የኮድ ስብስብ) ስጠቀም ለስምና ለርእስ የአማርኛ ፎንት አስገብቼ፣ ቁጥር ብቻ ይጻፍበታል ብዬ ያሰብሁትን የማስታወሻ ሳጥን ሄልቬቲካ በተባለው የላቲን ፎንት ትቼው ነበር። በዚያ ሳምንት አዲስ የተቀጠረች መዝጋቢ ማስታወሻውን «በወኪል የተወሰደ» እያለች በአማርኛ መሙላት ጀመረች፤ ጥፋቷ ምንም የለም። ሄልቬቲካ በዚህ ላይብረሪ ላቲን-1 ከተባለው የፊደል ሰንጠረዥ ውጭ ያለ ፊደል አይቀበልም፤ የሰንጠረዡ ቁጥር የሚደርሰው እስከ 255 ሲሆን የእኛ «ሀ» የዓለምን ፊደላት በቁጥር በሚሰይመው በዩኒኮድ ውስጥ 4608 ቁጥር ላይ ይገኛል። ላይብረሪው የትኛው ፊደል በየትኛው ፎንት እንዳልተጻፈ፣ የዩኒኮድ ፎንት እንድጠቀምም ጭምር ነግሮኝ ነበር፤ የሚሰማ ጠፋ እንጂ። ፋይሉ ባዶ ሆኖ የቀረው ደግሞ ይዘቱ ሳይዘጋጅ አስቀድሜ ለመጻፍ እከፍተው ስለነበር ነው።

እርማቱ ከፍለጋው ያነሰ ጊዜ ወሰደ። ፋይሎቹ በስም ሳይሆን በአባልነት ቁጥር እንዲሰየሙ፣ ገጹ በሙሉ አቢሲኒካ በተባለው የአማርኛ ፎንት እንዲጻፍ አደረግሁ። ይዘቱ በመጀመሪያ በሜሞሪ ይዘጋጃል፣ በጊዜያዊ ስም ይጻፋል፣ ሲያልቅ ብቻ ትክክለኛ ስሙን ይይዛል፤ ስለዚህ ግማሽ ወይም ባዶ ፋይል ማተሚያው ዘንድ አይደርስም። ኤክሴፕቱን ጨርሼ አላጠፋሁትም፤ አሁን የአባሉን ቁጥርና ትሬስባኩን ሎግ በሚባለው የፕሮግራሙ መዝገብ ላይ ይጽፍና ወደሚቀጥለው አባል ያልፋል። እያንዳንዱ ፊውቸር ይጠየቃል። በመጨረሻ የተመዘገቡት አባላትና የወጡት ፋይሎች ይቆጠራሉ፤ ካልተመጣጠኑ «ተጠናቋል» የሚለው ቃል አይጻፍም። አማርኛ ፎንት ውስጥ የሌለ ምልክት ሲያጋጥም ግን ይህ ላይብረሪ ኤክሴፕሽን አያነሳም፣ ሎግ ላይ ማስጠንቀቂያ ብቻ ይተዋል፤ እርሱንም እንደ ስህተት እንዲቆጠር አደረግሁት።

በሚቀጥለው ሳምንት ፕሮግራሙ ሦስት ደረሰኞች አለመውጣታቸውን ከነአባልነት ቁጥራቸው ጽፎ ቆመ። ሦስቱም ክብደታቸው ያልተሞላ ነበር። ገንዘብ ያዡ ወረቀቱን መነጽራቸውን ዝቅ አድርገው አነበቡና፣ «አንተ ልጅ፣ ምን ነካካህብኝ? ዱሮ እኮ እንዲህ ያለ ስህተት አያወጣም ነበር» አሉኝ። ከዚያ የክብደት መዝገቡን አወጡና ሦስቱን ቁጥሮች መፈለግ ጀመሩ።