ሄፓሪንን በአንድ ጫፉ ማሰር

ደም ፕላስቲክ አይወድም። ቱቦው የቱንም ያህል ንጹህ ይሁን፣ ደም በነካው በሰከንዶች ውስጥ ፋይብሪኖጅንን የመሳሰሉ ፕሮቲኖች ግድግዳው ላይ ይለጠፋሉ፣ ፕሌትሌቶች (ደምን የሚያረጉ ጥቃቅን የደም ሴሎች) ይከተላሉ፣ ከዚያ መርጋት ይመጣል። የኩላሊት እጥበት የሚያደርግ ዘመድ ያለው ሰው ይሄን በዓይኑ ሳያየው አይቀርም። እጥበቱ አልቆ ደሙ ወደ በሽተኛው ሲመለስ ማጣሪያው ነጣ ማለት አለበት፤ ጠቆር ያሉ መስመሮች ከቀሩበት ደም የረጋባቸው ቀጫጭን ክሮች ናቸው።

ለዚህ ነው ሄፓሪን የሚባለው፣ ደም እንዳይረጋ የሚያደርግ መድኃኒት የሚሰጠው። ችግሩ፣ ሄፓሪኑ ማሽኑ ውስጥ አይቀርም፣ መላ ሰውነት ይዞራል። ጨጓራው ለሚደማ ወይም ገና ከኦፕራሲዮን ለወጣ ሰው ይሄ አደጋ ነው።

ታዲያ መድኃኒቱን ለምን ፕላስቲኩ ላይ አንለጥፈውም? እ.ኤ.አ. በ1963 አሜሪካዊው የልብ ቀዶ ሐኪም ቪንሰንት ጎትና ባልደረቦቹ ፕላስቲክ ላይ ግራፋይት ቀቡ (አዎ፣ እርሳስ ውስጥ ያለው)፣ ቤንዛልኮኒየም በሚባል ጀርም ገዳይ አጠቡት፣ ከዚያ ሄፓሪን ጨመሩበት። ያዘ። ቤንዛልኮኒየም ፖዘቲቭ ቻርጅ አለው፣ ሄፓሪን ደግሞ ሁለመናው ኔጌቲቭ ነው። ግን በቻርጅ ብቻ የተያዘ ነገር ደም ውስጥ ቀስ እያለ ይለቃል። ስለዚህ እንዲህ ያለ ሽፋን በላቦራቶሪ ጥሩ ሠራ ሲባል መጀመሪያ የምጠይቀው፦ የሠራው የተለጠፈው ነው ወይስ የለቀቀው?

በጠንካራ ኬሚካላዊ ቦንድ ማሰርም ብቻውን አይበቃም። ሄፓሪን ረጅም የስኳር ሰንሰለት ነው፤ ሥራውን የሚሠራው አምስት ስኳሮች ያሉት አንድ ቁራጭ ደም ውስጥ ያለውን አንቲትሮምቢን (መርጋትን የሚገታ ፕሮቲን) ሲይዝ ነው። ሰንሰለቱን ብዙ ቦታ ላይ ካሰርከው ፕላስቲኩ ላይ ይተኛል፣ ቁራጩም ይደበቃል። በግ አራት እግሩ ተጠፍሮ አይግጥም፤ በአንድ ገመድ ከታሰረ ግን እንደልቡ ይግጣል። በ1980ዎቹ መጀመሪያ ስዊድኖች ያደረጉት ይህንኑ ነው። ሄፓሪኑን በናይትረስ አሲድ ቆረጡት፣ ጫፉ ላይ አልዲሃይድ የሚባል በቀላሉ የሚያያዝ የአተሞች ቡድን ተፈጠረ፣ እሱን ብቻ ፕላስቲኩ ላይ ካለ አሚን ከሚባል ሌላ ቡድን ጋር አገናኙት። የቀረው ሰንሰለት ደሙ ውስጥ ነፃ ሆኖ ይንሳፈፋል።

እኔን ሁሌ የሚገርመኝ ግን ሄፓሪኑ አለማለቁ ነው። አንቲትሮምቢንን ይይዛል፣ ቅርጹን ይቀይረዋል፣ ትሮምቢንን (ደም የሚያረጋውን ኢንዛይም) የመያዝ ፍጥነቱን ወደ ሺህ እጥፍ ያደርስለታል፤ ሁለቱ ተጣብቀው ሲሄዱ እሱ እዚያው ሆኖ ቀጣዩን ይጠብቃል። ባይሆን ኖሮ ይሄ ሁሉ ልፋት ለደቂቃዎች ብቻ በሆነ ነበር።

ግን አንጋነን። አምስቱን ስኳሮች የያዘው ከሄፓሪን ሰንሰለቶች ሲሶው ገደማ ብቻ ነው፣ ሌላው ቦታ ይይዛል እንጂ አንቲትሮምቢንን በደንብ አይዝም። በልብ ቀዶ ጥገና ላይም ቱቦዎቹ ሄፓሪን የተለጠፈባቸው ሆነውም በሽተኛው በደም ሥሩ ሄፓሪን ይሰጠዋል። ካርቶኑ ላይ «ሄፓሪን የተቀባ» የሚል ጽሑፍ ካየህ መርፌው ቀረ ማለት አይደለም፤ እንዴት ነው የታሰረው ብለህ ጠይቅ።