ኖራ ውርጭ እንዲችል ከፈለጋችሁ ማጠንከር ላይ አትሩጡ

እዚህ ስኮትላንድ፣ ኤድንብራ የድሮ ድንጋይ ቤት እድሳት ላይ እንደምሰራ የሚያውቅ ሀበሻ ሁሉ አንድ ጥያቄ አለው፣ "በዚህ ብርድ ኖራ ምን ያደርጋል፣ በሲሚንቶ አትገላገሉም?" ይለኛል። አልፈርድበትም፣ እኛ አገር ከረጢቱ ላይ 42.5 የሚል ካየን በቃ አለቀ። እዚህ የምንሰራበት ኖራ ደሞ ከረጢቱ ላይ 3.5 ነው የሚለው፣ ሁለቱም ቁጥር በ28 ቀን ቢያንስ ስንት ሜጋፓስካል (የጫና መለኪያ ነው) እንደሚሸከም ነው የሚናገረው፣ ስለዚ ሰዉ ሲያየው ይስቃል።

ግን ውርጭ እኮ ጠላቱ የረጠበ ነገር ነው። ውሃ በረዶ ሲሆን 9 በመቶ ገደማ ይሰፋል፣ ጠርሙስ ሞልታችሁ ፍሪዘር ውስጥ ብትረሱት የሚሆነውን ታውቁታላችሁ። ሞርታሩ (ድንጋዩን የሚያያይዘው የኖራና የአሸዋ ቡኮ) ውስጥ ያሉት ጥቃቅን ቀዳዳዎች ጢም ብለው ካልሞሉ፣ በሂሳቡ ከ91 በመቶ በታች ከሆኑ፣ በረዶው የሚሰፋበት ቦታ አለው። የኤድንብራ ችግር ብርዱ ብቻ አይደለም፣ ከሷ በጣም የሚብስ አገር ሞልቷል፣ እዚህ ግን ዊንተሩን ግድግዳው በዝናብ እንደራሰ ነው ከዛ ማታ ዜሮ ትገባለች ጠዋት ትወጣለች ማታ ደግሞ ያው፣ እርጥብ ግድግዳ ላይ ይሄ ሲደጋገም ነው ሞርታሩ እየተቀረፈ የሚወርደው።

ሲሚንቶ ቢደረግስ? ሞርታሩ ይተርፋል ድንጋዩ ይሄዳል። የዚህ ከተማ የድሮ ቤቶች አሸዋማ ድንጋይ ናቸው፣ ውስጥ የገባ ውሃ ድሮ በኖራው መገጣጠሚያ ነበር ተንፍሶ የሚወጣው፣ ያንን በሲሚንቶ ስትደፍኑት ውሃው ድንጋዩ ውስጥ ይቀራል፣ ውርጭ ሲመጣ የድንጋዩ ፊት ይላጣል። ሞርታር ይቀየራል፣ የተጠረበ ድንጋይ ግን በስንት ብር! (ጎንደር ፋሲል ግቢም ጣልያኖች በሲሚንቶ ጠጋግነውት በኋላ ወደ ኖራ ነው የተመለሰው፣ እዛ ግን ውርጭ ስለማያሰጋ ጉዳዩ ሌላ ነው።)

ታዲያ ኖራው እንዲችል ምን ይደረጋል? እኔ መጀመሪያ የማየው አሸዋውን ነው። ሻካራ፣ ከደቃቅ እስከ ጠጠር ቢጤ የተደባለቀ፣ አፈር የሌለበት። ከዛ ውስጥ የተወሰነውን በተፈጨ ኖራ ድንጋይ ወይ በጡብ ስብርባሪ ብትተኩት ጥሩ ነው፣ እነዚህ ራሳቸው ቀዳዳ ስላላቸው በረዶው የሚሸሽበት ቦታ ይሰጡታል። አየር የሚያስገባ ኬሚካልም አለ፣ ሲሚንቶ ላይ እንደሚደረገው ጥቃቅን አረፋ ይፈጥራል፣ ይሰራል ግን ከበዛ ሞርታሩን ያደክመዋል፣ እኔ በአሸዋው ብጨርስ ይሻለኛል። የጡብ ዱቄት ደሞ ሌላ ጥቅም አለው፣ ከኖራው ጋር ተዋህዶ ቶሎ ያጠነክረዋል፣ እኛ አገር ፒፒሲ በሚባለው ሲሚንቶ ውስጥ የሚገባው ፑሚስም (ቀዳዳ የበዛበት ቀላል የእሳተ ገሞራ ድንጋይ) ስራው ይኸው ነው።

የምወደው ግን ተልባ ነው፣ አዎ ተልባ! ትንሽ የተልባ ዘይት ኖራው ውስጥ ሲቦካ ሞርታሩ ውሃ መምጠጥ ይቀንሳል፣ ብዙ ውሃ ካልጠጣ ደሞ ውርጩ የሚይዘው ነገር ያጣል። ዘይት አዲስ ነገር እንዳይመስላችሁ፣ ቪትሩቪየስ የሚባለው የሮማ አርክቴክት ከ2000 ዓመት በፊት ደጅ ያለ ወለል በየአመቱ ብርዱ ሳይገባ የዘይት አተላ ይጠጣ፣ ያኔ ውርጭ አያስገባም ብሎ ጽፏል። ብቻ እጃችሁን ያዝ አርጉ፣ ሲበዛ ሞርታሩ መድረቅም መጠንከርም ይዘገያል።

ይሄ ሁሉ ግን ጊዜ ካልተሰጠው ዋጋ የለውም። ይሄ የምንሰራበት ኖራ መጀመሪያ ከውሃው ጋር ተዋህዶ ይጠነክራል፣ ቀሪው ደሞ ከአየር ላይ ካርቦን ዳይኦክሳይድ እየሳበ ተመልሶ ድንጋይ ሲሆን ነው፣ ይሄኛው ከውጪ ወደ ውስጥ በጣም ቀስ ብሎ የሚሄድ ነገር ነው። ሁለቱም በብርድ ይጓተታሉ፣ ከ5 ዲግሪ በታች አይሰራም የሚባለው ለዚህ ነው፣ መስከረም ካለቀ በኋላ ውጪ ግድግዳ ላይ አዲስ ኖራ ማስገባት ቁማር ነው፣ ኮንትራክተሩ ግን ፕሮጀክቱ ይለቅ ስለሚል "ፀረ ውርጭ ነገር ጨምሩበት" ይላል፣ ክሎራይድ ያለበት ከሆነ ጨው ነው፣ ጨው ደሞ ድንጋዩን ለብቻው ይበላዋል። እኔ እንደዛ ሲሉኝ እምቢ ነው የምለው፣ ቢኮራረፉም።

ብርዱ ከቀደማችሁ ጆንያ አልብሱት፣ ከላይ ላስቲክ፣ በመሀል ክፍተት ተዉ እንጂ አታጣብቁት፣ አየሩ እንዲደርሰው። ከዛ በፊት ደሞ አሸንዳውን እዩ። የተቀደደ አሸንዳ ስር የትኛውም ሞርታር አይቆይም፣ ሰው ለኖራው ዓይነት ሳምንት ሙሉ ሲከራከር ቆይቶ አሸንዳዋን ቀና ብሎ አያያትም። ጭስ ማውጫና የግድግዳ አናት ከሁሉም በላይ ዝናቡን ስለሚጠጡ እዛ ላይ ድንጋዩ ከቻለው 5 የሚለውን ኖራ እጠቀማለሁ፣ ሌላው ቦታ 3.5 ይበቃል።